ማዕበል ከግጭት አይወለድም፦ ስለ አሜሪካ አውሎ ነፋስ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ስለ አሜሪካ ማዕበል የተጻፈ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ጸሐፊው ስማቸውን አላሰፈሩም። አዲስ ለመጣ ወገን ለመምከር ብለው እንደጻፉት ግልጽ ነው፤ ብዕራቸውም ይጥማል፤ ብዙ ሰው ተቀባብሎ ያነበበውም ለዚህ ይመስለኛል። ጽሑፉ ላልደረሰው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ማዕበልና ነጎድጓድ የሚፈጠሩት ደመናና ደመና፣ ቀዝቃዛና ሞቃት አየር ሲጋጩ ነው፤ በ2012 ዋሽንግተንን የመታው ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ) ነበር፣ የመጣውም ያለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቢሆንም የአፓላቺያን ተራሮችና የፖቶማክ ወንዝ ስለሚከላከሉልን እኛ ሰፈር ቶርኔዶ አይደርስም፤ ድንገት ቢመጣ መስኮት መክፈት፣ መንገድ ላይ ከሆኑ ድልድይ ሥር መግባት፣ ቤት ከሆኑ ቤዝመንት መውረድ ነው። በጽሑፉ መሐል ማዕበሉን አላስካ ካለው ሃርፕ ከሚባል የምርምር ጣቢያ ጋር የሚያያይዝ አንድ አንቀጽ አለ። መዝጊያው ደግሞ አገር ቤት እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ ቢያንስ ለቤተሰብ አንሰጋም የሚል ነው።

ከምክሮቹ ሁለቱ ሰው ሊያስገድሉ ይችላሉ። አንዱ ደግሞ እንደ ማዕበሉ ዓይነት ሊያድንም ሊገድልም ይችላል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልቻልኩት ስለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው።

ስለ ግጭቱ

ይህን ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም «ደመና ተጋጭቶ ነው» እንባል ነበር። ጸሐፊውም ከዚያው ተነሥተው ነገሩን ባሕር አሻገሩት፤ እዚያ ደመና ከደመና ከተጋጨ፣ እዚህ ደግሞ ከካናዳ የሚወርድ ብርድ ከደቡብ ከሚመጣ ሙቀት ጋር ይላተማል፣ ከመላተሙም ማዕበል ይወለዳል አሉ።

ከደመናው እንጀምር። ደመና ማለት አየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ የውሃ ጠብታና የበረዶ ብናኝ ነው። ሁለት ደመናዎች ቢገናኙ ይቀላቀላሉ እንጂ አይንኳኩም። ድምፁ የመብረቁ ነው። መብረቅ የሚያልፍበትን ቀጭን የአየር መስመር በቅጽበት ወደ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ያግለዋል፤ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። እንዲህ የጋለ አየር በድንገት ሲለጠጥ በዙሪያው ያለውን አየር ይገፋል፤ ግፊቱ ጆሯችን ሲደርስ ነጎድጓድ እንለዋለን። ብልጭታው ወዲያው ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ በብልጭታውና በድምፁ መሐል ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን ይሰጣል።

ግጭት ከተባለ ያለው በአንዱ ደመና ሆድ ውስጥ ነው። ሽቅብ የሚወጣው አየር ቀላሎቹን የበረዶ ብናኞች ይዞ ሲነጉድ፣ ብናኞቹ ከበድ ካሉት የበረዶ እንክብሎች ጋር እየተነካኩ የኤሌክትሪክ ሙል ይለዋወጣሉ። ቀላሎቹ ፖዘቲቩን ይዘው ወደ ደመናው አናት ይወጣሉ፤ ከባዶቹ ነጌቲቩን ይዘው መሐል ላይ ይቀራሉ። ልዩነቱ አየሩ ከሚችለው በላይ ሲሆን በመብረቅ ይፈታል። ለዚህ ሁሉ አንድ ደመና ይበቃል፤ ሁለተኛ ደመና አያስፈልግም።

አሁን ወደ ትልቁ ግጭት እንምጣ። የአየር ግንባር (ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚዋሰኑበት ድንበር) የሚባለውን ሐሳብ የቀረጹት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማ በኖርዌይዋ በርገን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ በተለይም ቪልሄልም ቢየርክነስና ልጃቸው ያኮብ ናቸው። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ስለነበር ሥዕሉም የጦር ሜዳ መልክ ያዘ፤ በካርታ ላይ ሰማያዊው ጦር ቀዩን ሲገፋ እስከ ዛሬ በቴሌቪዥን እናየዋለን። ሥዕሉ ለማስተማር ይመቻል፤ በጸሐፊው አእምሮ የቀረው ግን ውጊያው ብቻ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይከብዳል። ስለዚህ ሲመጣ ሞቃቱን ፊት ለፊት አይገጥመውም፤ ከሥሩ ሾልኮ ገብቶ ወደ ላይ ያነሣዋል። የቀዝቃዛ ግንባር ሥራ ይኸው ማንሣት ነው። የተነሣው አየር ደረቅ ከሆነ ጥቂት ደመና ይታያል፣ ነፋሱ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። አየሩ እርጥብ ከሆነና በላዩ ያለው ሰማይ በቂ ብርድ ካለው ግን ሌላ ነው። እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ሲለወጥ አምቆት የቆየውን ሙቀት ይለቃል፤ ሙቀቱ አየሩን ከአካባቢው ይበልጥ ቀላል ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋው ሳያስፈልግ በራሱ እስከ 10 እና 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይመዘዛል። ኃይሉ ያለው እርጥበቱ ውስጥ ነው። ወደ እኛ ሰፈር ይህ እርጥበት የሚመጣው በአብዛኛው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ከአትላንቲክ ነው።

ነገሩ የግጭት ቢሆን ኖሮ የዓመቱ ከባድ ማዕበል በጃንዋሪ ይሆን ነበር። የብርዱና የሙቀቱ ልዩነት ከሁሉ የሚሰፋው ያኔ ነውና። በዚያ ወር ግንባር አልፎ የሙቀት መጠኑ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሃያ ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያም በላይ ሲወርድ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ ነፋስና በረዶ ብቻ ነው፤ ነጎድጓድ ብርቅ ነው። ፍሎሪዳን ደግሞ እዩ። በሰመር ከሰሜን የሚደርሳት ግንባር እምብዛም ነው፤ ከግራና ከቀኝ የሚገባው የባሕር ነፋስ ብቻውን እየበቃት ከሰዓት በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል መብረቅ ይወርድባታል። ሩቅ ሳንሄድ የአዲስ አበባን ሐምሌ እናስታውስ። ጧት ብራ ይሆናል፣ መሬቱ ይሞቃል፣ እኩለ ቀን ሲያልፍ በእንጦጦ በኩል ደመናው ይከመራል፣ ወደ 9 ሰዓት ግድም ያወርደዋል። ከካናዳ የመጣ ብርድ የለ፣ በካርታ ላይ ሰማያዊ መስመር የለ።

ቶርኔዶ ላይ ስንደርስ የጸሐፊው ሥዕል ጭራሹን ይገለበጣል። በምዕራብ ቴክሳስና በኦክላሆማ ብዙዎቹ አደገኛ ማዕበሎች የሚነሡት ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው እርጥብ አየር ከምዕራቡ በረሃማ ደጋ ከሚመጣው ደረቅ አየር ጋር በሚዋሰንበት መስመር ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደረቁ ወገን እንዲያውም ከእርጥቡ ይበልጥ ይሞቃል። ታዲያ ቀዝቃዛው የቱ ነው? ለመሽከርከሩ ወሳኙ ነገር የነፋሱ ሁኔታ ነው፤ መሬት ላይ ከደቡብ ምሥራቅ ለስለስ ብሎ ሲነፍስ፣ አምስትና ስድስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከምዕራብ በኃይል ሲነፍስ፣ በመሐል ያለው አየር አግድም ይንከባለላል። ሽቅብ የሚወጣው አየር ያንን አግድም የሚንከባለለውን ቀና ያደርገውና ደመናው በሞላ መዞር ይጀምራል። ሱፐርሴል የሚሉት እንዲህ ያለውን ማዕበል ነው። ከሱፐርሴሎችም ቢሆን ቶርኔዶ የሚያወርዱት ጥቂቶቹ ናቸው። ለምን ጥቂቶቹ ብቻ? በ1994 እና በ1995 ቮርቴክስ በተባለው ዘመቻ ተመራማሪዎች መሣሪያ በመኪና ጭነው ማዕበሎቹ ሥር ድረስ ገብተው ለኩ። ከዚያና ከተከታዮቹ ጥናቶች የወጣው ነገር ይህ ነው፦ ከማዕበሉ ጀርባ ቁልቁል የሚወርደው አየር በጣም ሲቀዘቅዝ ቶርኔዶው ሳይፈጠር ይከሽፋል፤ ለዘብ ያለ ሙቀት ሲኖረው ነው ዕድሉ የሚሰፋው። ብርዱ እናት ነው ተብሎ የተጻፈለት ቶርኔዶ ብርድ ሲበዛበት ይጨነግፋል ማለት ነው።

ጁን 29 ቀን 2012

ያን ምሽት እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ቀን ላይ በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 104 ዲግሪ ፋራናይት (40 ሴልሺየስ) ተመዝግቧል፤ ለዋሽንግተን በጁን ወር ከዚያ በፊት ያልታየ ሙቀት ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ መብረቁ ፋታ ሳይሰጥ ሰማዩን ያበራው ጀመር፣ ነፋሱም ደረሰ። ዛፍ በመኪና ላይ፣ ዛፍ በጣሪያ ላይ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ በመንገድ ላይ ወደቀ። ጸሐፊው ያዩትን ጥፋት አላጋነኑም። ስሙን ግን ተሳስተዋል፤ የመጣው ቶርኔዶ ሳይሆን ዴሬቾ ነው። መንግሥት ቶርኔዶ መሆኑን ደብቋል ማለታቸው ደግሞ ማስረጃ የሌለው ክስ ነው።

ዴሬቾ በቀጥታ መስመር የሚገሰግስ የማዕበል ሰልፍ ነው። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ በሠሩበት መለኪያ መሠረት የነፋሱ ጉዳት ከ240 ማይል በላይ መዘርጋት፣ በአብዛኛው መንገዱም ነፋሱ በሰዓት 58 ማይልና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። የ2012ቱ ከቺካጎ አካባቢ ረፋዱ ላይ ተነሥቶ፣ ኢንዲያናን፣ ኦሃዮንና ዌስት ቨርጂኒያን አቋርጦ፣ ከ600 ማይል በላይ በ12 ሰዓት ገደማ ውስጥ ጨርሶ እኛ ጋ ደረሰ። ኢንዲያና ውስጥ ፎርት ዌይን ላይ 91 ማይል በሰዓት የሚሮጥ ነፋስ ተለክቷል። አንድ ቶርኔዶ ይህን ሁሉ አገር አያዳርስም።

እዚህ ላይ ግንባር በእርግጥ ድርሻ ነበረው፤ በጸሐፊው መንገድ ግን አይደለም። ያን ሳምንት አንድ ግንባር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጋድሞ፣ ወዲያም ወዲህም ሳይል ቆሞ ነበር። ከደቡቡ ወበቁ ታምቋል፣ ከሰሜኑ ቀዝቀዝ ያለ አየር አለ። ማዕበሉ በዚያ ድንበር ላይ ተጉዞ መጣ። ከድንበሩ ያገኘው መንገዱን ነው፤ ጉልበቱን ያመጣው ዝናቡ ራሱ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ከፊሉ አየር ላይ ይተንና አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል፤ መሬት ሲመታ ከባልዲ ወለል ላይ እንደተደፋ ውሃ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። በፊት ለፊት በኩል የሚሄደው ጠርዝ ያገኘውን ወበቅ ሁሉ ከሥሩ ፈንቅሎ ያነሣል፣ አዲስ ማዕበል ይወለዳል፣ አዲሱም በተራው ያዘንባል። ከፊቱ ትኩስና እርጥብ አየር እስካለ ድረስ ራሱን እየመገበ ይሄዳል። ያን ዕለት ከቺካጎ እስከ አትላንቲክ ወበቅ ነበር።

ቶርኔዶ ይሁን ቀጥ ያለ ነፋስ በምን ይለያል? በወደቁት ዛፎች። ቀጥ ያለ ነፋስ ያለፈበት ሰፈር ስትሄዱ ዛፎቹ በሙሉ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን አድርገው ተጋድመው ታገኛላችሁ፤ በ2012 አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ነበር። ቶርኔዶ ባለፈበት ግን ጉዳቱ ጠባብ መስመር ይይዛል፤ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች ወደ መሐል እየዞሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ይወድቃሉ። በዚህ ጥበብ የታወቁት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ጃፓናዊው ቴትሱያ ፉጂታ ናቸው። በ1974 ከደረሰው ትልቅ የቶርኔዶ ወረርሽኝ በኋላ ከአውሮፕላን ሆነው ጫካውን ሲያዩ ዛፎች ከአንድ ማዕከል ወደ ውጭ ተዘርረው የተኙባቸው ቦታዎች አገኙ። ተመሳሳይ ነገር ከዚያ በፊት ያዩት በ1945 የአቶሚክ ቦምብ በወደቀባቸው የጃፓን ከተሞች ነበር። ያን ቅርጽ የሚሠራው ከላይ ወርዶ መሬት የሚመታ ነፋስ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ብዙ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም ነበር፣ ኋላ ግን ራዳሩ ፈረደላቸው። አውሮፕላኖች ሲያርፉና ሲነሡ እንዲህ ካለው ነፋስ የሚጠበቁት በእሳቸው ሥራ ምክንያት ነው።

«ያለ ማስጠንቀቂያ» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። ባለፈው ቀን የኮምፒዩተር ሞዴሎቹ ነገሩን በዚህ ልክ አላዩትም ነበር። ምሽቱን ግን ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ለየአካባቢው ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ጸሐፊው ስልካቸው እንዳልጮኸ ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያኔ በስልክ የሚላከው የአደጋ መልእክት ገና መጀመሩ ነበር፤ የነጎድጓድ ማዕበል ማስጠንቀቂያም በዚያ መንገድ አይላክም ነበር። ከኦገስት 2021 ወዲህ ነፋሱ በሰዓት 80 ማይል ይደርሳል ወይም የቤዝቦል ኳስ የሚያህል በረዶ ይወርዳል ተብሎ ሲገመት ስልክ ይጮኻል። ስልካችሁ ቶሎ ቶሎ ስለሚረብሽ አጥፉት የሚለውን የጸሐፊውን መስመር እባካችሁ እርሱት። ነገሩ ከመጣ በኋላ ያለውም አይናቅም፦ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት መብራት አጣ፤ በሰሜን ቨርጂኒያ የመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ባለመነሣታቸው 911 መደወል የማይቻልበት ሰዓት ነበር፤ በቀጣዮቹ ቀናት ያለ ማቀዝቀዣ ሙቀቱ የገደላቸው ሰዎችም አሉ።

ተራራው ይከለክላል፣ ወንዙ ይመልሳል

በአፓላቺያን ተራሮች ውስጥ ያለችው የሜሪላንድ ከተማ ፍሮስትበርግ ጁን 2 ቀን 1998 ኤፍ 4 በሆነ ቶርኔዶ ተመትታለች (ኤፍ የቶርኔዶን ብርታት ከ0 እስከ 5 የሚመድበው የፉጂታ መለኪያ ነው)። በ1987 አንድ ኤፍ 4 ቶርኔዶ በዋዮሚንግ የሎስቶን አካባቢ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ጫካ እያረሰ አልፏል። ወንዝን በተመለከተ ሴንት ሉዊስ ምስክር ናት፤ በሜይ 1896 ቶርኔዶ ሚሲሲፒን የሚያህል ወንዝ ተሻግሮ በሁለቱም ዳርቻ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ፖቶማክ ከሚሲሲፒ ይበልጣል?

እዚሁ ሰፈራችን ደግሞ፦ ሴፕቴምበር 24 ቀን 2001 ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች ሞቱ። ኤፕሪል 28 ቀን 2002 ከዲሲ በስተደቡብ ላ ፕላታ፣ ኤፍ 4። ጁን 5 ቀን 2024 ጌይዘርስበርግና አካባቢው፤ ዛፍ ቤት ላይ ወድቆ ሰው ቆስሏል። ጌይዘርስበርግ ያለው ብዙ ወገናችን በሚኖርበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። ታሪክ ለሚወድ ደግሞ፣ ኦገስት 25 ቀን 1814 እንግሊዞች ዋሽንግተንን ባቃጠሉ ማግስት ማዕበል ከነቶርኔዶው ከተማዋ መሐል ወርዶ ወታደሮቹን አተራምሷቸዋል። ቶርኔዶ እዚህ ከኦክላሆማ ያነሰ ነው፣ ያ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሁኔታዎቹ አብረው የሚገጥሙበት ቀን ማነሱ ነው።

መስኮት መክፈትና ድልድይ ሥር መግባት

መስኮት ክፈቱ የሚለው ምክር የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ለዓመታት ሲመክሩት ኖረዋል። መነሻው ቶርኔዶ መሐሉ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚወርድ ቤቱ ከውስጥ ይፈነዳል የሚል ግምት ነበር። በሜይ 1970 ላቦክ ቴክሳስን ቶርኔዶ ከመታ በኋላ በዚያው ከተማ ያሉ የቴክሳስ ቴክ መሐንዲሶች ፍርስራሹን አንድ በአንድ መረመሩ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ጥናት የታወቀው ቤት የሚፈርሰው በነፋሱ ግፊትና በሚበር ስብርባሪ መሆኑ ነው። ነፋሱ በተከፈተ መስኮት ወይም በተበሳ የጋራዥ በር ሲገባ ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ከላይ የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ይስበዋል፤ ጣሪያው ከሄደ ግድግዳው የሚደግፈው የለም። መስኮት ለመክፈት ስትሮጡ ደግሞ የምትቆሙት መስታወቱ ፊት ነው። መስኮቱን ተዉት፤ መስኮት የሌለው የመሐል ክፍል ግቡ።

ድልድይ ሥር ስለመግባት ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። ወገኖቻችን ብዙዎቹ ትራክ ይነዳሉ፤ ኦክላሆማንና ካንሳስን በየሳምንቱ የሚያቋርጡ አሉ። ይህ ምክር ስልካቸው ላይ ደርሶ ከሆነ አደገኛ ነው። ምንጩ በኤፕሪል 1991 በካንሳስ አውራ ጎዳና ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ የቴሌቪዥን ባለሙያዎችና መንገደኞች ድልድይ ሥር ወጥተው ብረቱን ይዘው ይተርፋሉ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ያ ቶርኔዶ ደካማ እንደነበርና ድልድዩን በቀጥታ እንዳልመታ የሚናገር ግን አልነበረም። ሜይ 3 ቀን 1999 በኦክላሆማ ያንኑ ያደረጉ ሰዎች በሦስት የተለያዩ ድልድዮች ሥር ሦስት ሞቱ፤ ሌሎችም ክፉኛ ቆሰሉ። ምክንያቱ አይከብድም። ከመሬት ከፍ ባላችሁ ቁጥር ነፋሱ ይበረታል፤ የድልድዩን ዳገት መውጣት ወደ ባሰው ነፋስ መውጣት ነው። የጠበበው ክፍተት ነፋሱን ያፈጥነዋል፤ ስብርባሪውም ሁሉ በዚያው ይገባል። መኪና አቁማችሁ መንገዱን ስትዘጉ ደግሞ ከኋላ ያሉት ማምለጫ ያጣሉ።

ሹፌር ምን ያድርግ? ማስጠንቀቂያው ሲወጣ ወደሚቀጥለው መውጫ ወጥቶ ጠንካራ ሕንፃ መግባት ነው፤ የትራክ ማረፊያዎቹ መታጠቢያና መጸዳጃ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የተሻሉ ናቸው። ጊዜ ካለቀ ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ይቀራሉ፦ ቀበቶ አስሮ ራስን ከመስኮት በታች አድርጎ በእጅና በልብስ መሸፈን፣ ወይም ከመንገዱ በግልጽ ዝቅ ያለ ቦይ ካለ ወርዶ በደረት መተኛት። ባዶ ትሬለር ለሚጎትት ሹፌር ዴሬቾም ያው ነው፤ ከጎን የመጣ ነፋስ ይገለብጠዋል።

ሃርፕ

በጋኮና፣ አላስካ ያለው ይህ ጣቢያ የሬዲዮ ሞገድ የሚልከው አዮኖስፌር ወደሚባለው፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወዳለው የሰማይ ክፍል ነው። ትልቁ ነጎድጓዳማ ደመና ከ20 ኪሎ ሜትር አይዘልም። ሁለቱ አይገናኙም፤ እኔም ከዚህ በላይ አልጽፍበትም።

አገር ቤት የለም ስለተባለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልክ ናቸው፤ በክረምት ኢትዮጵያ ላይ የአሜሪካ ዓይነት ቀዝቃዛ ግንባር አይመላለስም። የክረምቱ ዝናብ ከሁለቱ ንፍቀ ክበቦች የሚመጡት ነፋሶች የሚገናኙበት ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ከምዕራብም እርጥበት ሲገባና ደጋው ሲያነሣው የሚወርድ ነው። በበጋና በበልግ ግን በሐሩር ክልልና በዋልታው መሐል ካለው አካባቢ ከሰሜን የሚወርድ ማዕበል ጅራቱ እኛ ጋ ይደርሳል፤ እህል አጨዳ ላይ ወይም ክምር ላይ እያለ ያለ ጊዜው የሚዘንበው ዝናብ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ማዕበል የለም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በረዶ የመታውን የጤፍ ማሳ ያየ ገበሬ ይህን ቢያነብ ይስቃል። ደጋው ላይ በረዶ የሚበዛበት ምክንያት አለው። በሐሩር ክልል ሙቀቱ ዜሮ የሚሆነው ከባሕር ወለል 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጅቡቲ ላይ የሚወርድ በረዶ ያን ሁሉ ርቀት በሞቃት አየር ውስጥ አልፎ ውሃ ሆኖ ይደርሳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የሚቀልጥበት መንገድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንክብሉ ሳይሟሟ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብረቁም ያው ነው፤ እረኛ ዛፍ ሥር ሲጠለል በየክረምቱ የሚሰማው ዜና ነው።

ጎርፍ አለ። በኦገስት 2006 ሌሊት ላይ ድሬዳዋን የደቻቱ ወንዝ ሲያጥለቀልቃት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ዝናቡ የወረደው በአብዛኛው ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነበር፣ ተኝቶ የነበረው ሕዝብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ሳይክሎንም (ከባሕር የሚነሣው ትልቅ የሚሽከረከር ማዕበል፣ አሜሪካኖቹ ሃሪኬን የሚሉት) ቢሆን ከእኛ ሩቅ አይደለም። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብቶ ሶማሊላንድን መታ፤ ዝናቡ ምሥራቅ ኢትዮጵያም ደርሷል። በዚያው ወር መኩኑ፣ በኦክቶበር ደግሞ ሉባን ኦማን አካባቢ ወርደው በባዶው የዓረቢያ በረሃ አሸዋ ላይ ሐይቅ ሠሩ። የረጠበው በረሃ የበረሃ አንበጣ መራቢያ ሆነ፤ ሰው በማይኖርበት ስፍራ ማንም ሳያየው በጥቂት ወራት ውስጥ ትውልድ በትውልድ ላይ ተፈለፈለ። መንጋው ወደ የመን ተሻገረ፤ በ2019 ቀይ ባሕርንና የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አቋርጦ ወሎና ሐረርጌ ገባ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ያልታየ ብሎታል። የሰቆጣ ገበሬ የዘራውን ያጣው ኦማን ላይ በወረደ ማዕበል ምክንያት ሊሆን ይችላል ብሎ ማን ይገምታል?

ቤዝመንት

ቶርኔዶ ሲመጣ ቤዝመንት መውረድ ትክክል ነው፤ ጸሐፊውን እዚህ ላይ አልቃወማቸውም። ግን «ማዕበል ሲመጣ ሁልጊዜ» ብለዋል። አዲስ የመጣው ወገናችን ብዙው የሚከራየው ቤዝመንት ስለሆነ «ሁልጊዜ» የምትለዋ ከባድ ናት።

አይዳ የተባለው ሃሪኬን ኦገስት 29 ቀን 2021 ሉዊዚያና ገብቶ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን ሜሪላንድ ደረሰ። የአንዱ ቀን ታሪክ ሁለት ነው። ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ሮክቪል ውስጥ የአንድ አፓርትማ ምድር ቤት በጎርፍ ተሞላ፤ አንድ የ19 ዓመት ወጣት እዚያው ሞተ። ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ደግሞ ከዚያው ሥርዓት የወጣ ቶርኔዶ አናፖሊስን መታ። ሮክቪል ላይ መዳኛው ወደ ላይ መውጣት ነበር፤ አናፖሊስ ላይ ወደ ታች መውረድ። በዚያው ዕለት ምሽት ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት በምድር ቤት አፓርትማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ሲጮኽ መጀመሪያ የሚነበበው የትኛው አደጋ እንደሆነ ነው። ቶርኔዶ ካለ ወደ ታች። ድንገተኛ ጎርፍ ካለ፣ ውሃው በር ላይ ሳይደርስ፣ ልጆችን ይዞ ወደ ላይ፤ ውሃ ከውጭ ከተጫነው በር አይከፈትም። ሁለቱም አንድ ላይ ከወጡና ቤዝመንቱ ውሃ የሚገባበት ከሆነ ምድር ላይ ያለውን ፎቅ፣ መስኮት የሌለውን መታጠቢያ ቤት ወይም ቁም ሣጥን መምረጥ ይሻላል። ከአከራይ ጋር ከመስማማት በፊት የመኝታ ክፍሉ መስኮት ሰው የሚያሾልክ መሆኑን፣ ቤቱም ከደረጃው ሌላ መውጫ እንዳለው፣ ከቤቱ ጀርባ ወንዝ ወይም ቦይ መኖሩን ሄዶ ማየት ነው። መስኮቱ በብረት ከታጠረ ከውስጥ መከፈቱን በእጃችሁ ሞክሩት።